አረጋ መርፌውን አልተወም

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የቅሬያችን ሽማግሌዎች፣ ከአሸተን የወረዳችሁ፣ ከከተማው የወጣችሁ፣ ከሙጃ ድረስ በእግራችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አንቺንም የሺሃረግ፣ ያጽናሽ። ስለ ባልሽ ልናገር ነው የቆምኩት። ድምፄ ከፍ ቢል አንቺን የምቆጣ እንዳይመስልሽ።

ፍትሐቱ ተፈጽሟል። የሕይወት ታሪኩም ተነቧል። ንባቡ ላይ ግን አንድ ቃል ሰማሁ። «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም» ተባለ። አስከሬኑ ገና ጉድጓድ አልወረደም፤ ስለዚህ ቃሉን ለማረም ጊዜ አለን።

ድንገተኛ አይደለም። አረጋን ስኳር ሲይዘው ራሱ ላይ አንድ ሽበት አልነበረም። ዛሬ የምንቀብረው ሽበታም ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በየጠዋቱና በየማታው ራሱን በመርፌ እየወጋ የኖረ ሰው በድንገት ሞተ ይባላል? እኛ ሁላችን እያየነው፣ እየተሰለፈ፣ «የለም» እየተባለ፣ ባዶ እጁን እየተመለሰ የኖረ ሰው በድንገት ሞተ ይባላል?

ሌላም ቃል አለ። ይኸኛው አልተነበበም። ከትናንት ጀምሮ በየመንገዱና በየበሩ ሲወራ ነው የዋለው። «አረጋ መርፌውን ትቶ ነው የሞተው» ይባላል። አንዱ «በጤና መድን ካርዱ ተማርሮ ተወው» ይላል። ሌላው «ጸበል ይበቃኛል ብሎ ጣለው» ይላል። ሆስፒታል በር ላይ ያገኘን ባለሙያም ምንም ሳይጠይቀን «መድኃኒቱን አቋርጦ ነው» አለን።

እኔ የቆምኩት ለዚህ ነው። አረጋ መርፌውን አልተወም። ይህን ሳታውቁ አፈር እንዳታለብሱት። የምናገረው ለስሙ ብቻ ብዬም አይደለም። ይህን ወሬ ይዛችሁ እሑድ አንድ ውሳኔ ልትወስኑ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ የሚወድቀው በሕይወት ባለች ሴት ላይ ነው። ወደ እሷ እመጣለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ኢያቄም እባላለሁ። ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከአረጋ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠን ተምረናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቱ ሞቱበትና የአባቱን ገብስ ሊያርስ ቀረ። «አንተ ስለ ተራራ ታስተምራለህ፤ እኔ ተራራው ላይ እኖራለሁ» ይለኝ ነበር። ሊያናድደኝ ሲፈልግ ደግሞ «ተራራው ደመወዝ ቢከፍለኝ እኔም እንዳንተ ከረባት አስር ነበር» ይላል።

ከተሜው እድር የሚለው ቅሬያችን ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ትናንት ጡሩንባ ሲነፋ ማን ቤቱ ቀረ? ድንኳኑ ቆመ። እንጨቱ ተፈለጠ። ሴቶቹ መሶባቸውን ይዘው ደረሱ። ይህ መሬት ዓለት ነው፤ ዓለቱም ተቆፈረ። ለሞተ ሰው እንዲህ የሚፋጠን ሕዝብ የት አገር አለ? አረጋ የዚህ ቅሬ ዳኛ ነበር። ዳኛ ሆኖ ግን አንድ ነገር ይከነክነው ነበር። «ኢያቄም፣ ሰው ሲሞት እንደርሳለን። ሲታመም የት ነን?» ይለኛል።

የጤና መድኑ ሲመጣ ያ ጥያቄ የተመለሰለት መሰለው። አባል ትሆናለህ፣ ካርድ ይሰጥሃል፣ ስትታመም ካርድህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ጤነኛው በሽተኛውን ይሸከማል። «ይኸ እኮ ቅሬ ነው! ለበሽታ የተቋቋመ ቅሬ ነው!» እያለ ከቤት ቤት ዞረ። ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ከጥዱ ሥር የሰበሰበን ትዝ ይላችኋል? ጋሼ አድማሴ፣ በትርዎን ተደግፈው መጀመሪያ የተነሡት እርስዎ አይደሉም?

«አረጋ፣ ሳልታመም ክፈል ነው የምትለኝ?»

«አዎን ጋሼ።»

«እሺ፣ ዓመቱን ሙሉ ባልታመምስ?»

«እሰየው ነዋ! ጧፍ አብርተን እናመሰግናለን።»

«የከፈልኩትስ?»

«ጋሼ አድማሴ፣ ለቅሬ ከጎረምሳነትዎ ጀምሮ ከፍለዋል። ታዲያ እስካሁን አልሞትኩምና ገንዘቤን መልሱልኝ ብለው ያውቃሉ?»

ሳቃችን ከታች ሰፈር ተሰማ። አንዲት እናት እንዲያውም «መልሱላቸውና ይሙቱልን!» አለች። ማን እንደሆነች አልናገርም፤ እዚህ አለች። በዚያ ሳቅ መካከል ነው ቅሬው በሙሉ አባል የሆነው። በሹም ትእዛዝ አልገባችሁም። በአረጋ አፍ ነው የገባችሁት። ስለዚህ በኋላ ካርዱ ባዶ ሲሆን የተሰደበው ሹም አይደለም። የተሰደበው አረጋ ነው። በገበያ ላይ ካርዱን ፊቱ ላይ የወረወረበት ሰው እንደነበረ አውቃለሁ። አጎንብሶ አነሣው፤ በኩታው ጠረገው፤ መልሶ ሰጠው።

ወደ እሷ እመጣለሁ ያልኳችሁ ሴት አገሬ ናት፤ ታውቋታላችሁ። እዚያ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች፤ ሕፃን አዝላለች። ወደዚህ መንደር ባገባች በዓመቱ ገደማ ከስታ ከስታ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። አንዱ ዓይን ነው አለ። አንዱ ዛር ነው አለ። አረጋ ለክርስትና ከቤታቸው ገብቶ ተቀምጦ ሳለ እንስራው ጋ ስትመላለስ አያት።

«ልጄ፣ ምን ያህል ነው የምትጠጪው?» አላት።

አማቷ ቀደሙና «ኧረ ተዋት፣ ከመጣች ጀምሮ ምንጩን አደረቀችው» አሉ።

«እንግዲያው ዘመዴ ናት። እኔም ሲጀምረኝ እንደዚሁ ነበርኩ» አለ።

በማግሥቱ በራሱ በቅሎ ጭኖ ጤና ጣቢያ አወረዳት። ስኳር ነበር። ካርድ ነበራት፤ በአረጋ ምላስ የወጣ ካርድ። ያን ጊዜ መድኃኒቱም ነበር። እውነቱን እናገራለሁ፤ መጀመሪያው ዘመን ደህና ነበር። ሴቶች ወልደው በሰላም ተመለሱ። ልጆች ከሳንባ ምች ዳኑ። አገሬ ሥጋ ለበሰች፤ ወለደችም። ከዚያ ወዲያ በቅሬያችን በመርፌ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ሆኑ። አረጋ «የእኛ ማኅበር» ይለው ነበር። «ጠላ የሌለው፣ ማር የሌለው፣ አባል የማይሰርዝ ማኅበር።»

ቀልድ ብቻ አልነበረም። አንዴ ተዝካር ላይ፣ የቅሬውን ጉዳይ እየተናገረ ሳለ አረጋ ቃሉ ተዘበራረቀ። ላብ በላብ ሆነ። ለካ መርፌውን ተወግቶ ምግብ ሳይቀምስ ውሏል። ከወንዶቹ መካከል «ዛሬስ ዳኛው ቀድሞ ጠጥቷል» የሚል ድምፅ መጣ። ሳቃችሁ። አገሬ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ በወንዶች መካከል አልፋ፣ ስኳር በእፍኟ ይዛ፣ አገጩን ይዛ አፉ ውስጥ ጨመረችበት። አንድ ሽማግሌ «ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» አሏት። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ተመለሰ። ዞር ብሎ አያትና «ይኸ ስብሰባ እንዴት ጣፈጠኝ» አለ።

ያን ቀን ሰከረ አላችሁት። ዛሬ ደግሞ መርፌውን ተወ ትላላችሁ። ያን ቀን አልሰከረም። መርፌውንም አልተወም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያው ሳይቀር ተራቆተ። ጦርነቱ አለፈ ሲባል መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ተከፈተ ሲባል በጀት አልተለቀቀም ተባለ። በጀቱ ተለቀቀ ሲባል መድኃኒት የጫነው መኪና ጋሸና መገንጠያው ላይ ቆሟል ተባለ። አረጋ ካርዱን ይዞ ይወርዳል። ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ካልጻፈለት ሆስፒታሉ በካርዱ አያስተናግደውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሰለፋል። የእሱ ስኳር እንደማይለቅ ሁሉም ያውቃል። ሐኪሙ ያውቃል፤ ካርድ ክፍሉ ያውቃል፤ ዘበኛውም ያውቃል። እሱ ግን በየጊዜው አዲስ ወረቀት ይዞ ስኳሩ እንዳልተወው ማስረዳት አለበት። «ምናልባት ቁልቁለቱ ላይ ተሽሎኝ እንደሆነ ብለው ነው» ይል ነበር። ወረቀቱን ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል። ይሰለፋል። መስኮቱ ጋ ይደርሳል።

ካርዱ አለ። መድኃኒቱ የለም።

«ከውጭ ግዙ» ይባላል። ከውጭ ማለት ካርዱ የማይሠራበት ማለት ነው። ከውጭ የሚገዛበት አቅም ያለው ሰው መጀመሪያውኑ ካርዱን ምን ያደርግለታል?

ካርዱ አለ፤ መድኃኒቱ የለም። መድኃኒቱ ሲመጣ መርፌው የለም። መርፌው ሲገኝ ደም የሚለኩበት የለም። ሁሉም ተሟልቶ የተገኘ ቀን ሐኪሙ የለም። አንድ ሰው በዚህ ሁሉ «የለም» ላይ እንዴት ይኖራል? ከቻላችሁ መልሱልኝ።

ይህ በሽታ እንደ ጉንፋን ይዞ የሚለቅ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም። በጀት ሲያልቅ አያልቅም። ስብሰባ ላይ ነኝ አይልም። በዓል አያውቅም። የሺሃረግ ታውቀዋለች፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ኖረው አያውቁም፤ ሦስተኛው ሁልጊዜ ከመካከላቸው ነበር። እህል ሲቀርብ ስለ እሱ ይታሰባል። ጫማ ሲገዛ ስለ እሱ ይታሰባል። ጣቱን እሾህ ሲወጋው ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል፤ ቁስሉ ባይድንስ ተብሎ።

ሽልማቱን ታስታውሳላችሁ? በጤና መድኑ «ሞዴል ቅሬ» ተብለን የተጠራን ጊዜ? አዳራሹ ሞልቷል። ለእንግዶቹ ለስላሳ ተደርድሯል። አረጋ ስሙ ተጠርቶ ወጣ። ሹሙ ሰርተፊኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ካሜራውን እያየ ፈገግ አለ። አረጋ እጁን አልዘረጋም።

«ጌታው፣ መርፌ አልቆብኛል» አለ።

ሹሙ ፈገግታውን ሳይለቅ «ዛሬ የምስጋና ፕሮግራም ነው፤ ቅሬታ በሌላ ቀን» አለው።

«የእኔ ስኳር ፕሮግራም አይጠብቅም።»

አዳራሹ ሳቀ። ሹሙም ሳቀ። ፎቶው ተነሣ። አረጋ ያለ መርፌ፣ ሰርተፊኬት ይዞ ዳገቱን ወጣ። ያን ቀን ከሳቁት አንዳንዶቻችሁ ኮት ለብሳችሁ እዚህ ቆማችኋል። ሳቁ እንጂ! አሁንም እኮ መርፌ የለውም!

እሺ የሺሃረግ። እሺ እኅቴ። ዝቅ እላለሁ።

ቄስ ወልደ ሰንበት፣ ነፍስ አባቱ እርስዎ ነዎት። ጸበል ብሎ መርፌውን ጣለ የሚሉትን እርስዎ ይመስክሩባቸው። በፍልሰታ ከእርስዎ ዘንድ መጥቶ፦ «አባ፣ ከተወጋሁ መብላት አለብኝ። ካልበላሁ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ። ካልተወጋሁ እሞታለሁ። ጾሙን እንዴት ላድርገው?» አላለዎትም? እርስዎስ ምን አሉት? «አንተ ብላ። ያንተን ጾም እኔ እጾምልሃለሁ» አሉት። እሱ ደግሞ ዝም አይልም፤ «እንግዲያውስ አባ፣ መርፌውንም እርስዎ ይወጉልኝና መብላቱን እኔ ልቻለው» አለ። ራስዎን እየነቀነቁ ነው፤ ሁሉም አይቷል። ጸበል ይጠጣ ነበር። ጠጥቶ ይወጋ ነበር። አንዱን ለሌላው አልተወም።

ታዲያ ምን ገደለው? ይህን በዝግታ እናገራለሁ።

ይህን መድኃኒት ሙቀት ያበላሸዋል። ብልቃጡን ሲሰጡት «ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጥ» ይሉታል። «ከእኔ ቤት መብራት የለም» ይላል። «እንግዲያው ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን።» አረጋ የሚጠይቅ ሰው ነው። «ምን ያህል ቀዝቃዛ?» አለ። ምን ብለው መለሱለት? «በተቻለህ መጠን ቀዝቃዛ።»

በተቻለህ መጠን! ይህን ምክር ያዘጋጀው ሰው ላብ እየጠረገ ነው ያዘጋጀው። ለቆላ የተሰፋ ልብስ ነው አምጥተው ደጋ ያለበሱን። እዚህ ከቆማችሁት መካከል በታኅሣሥ ጠዋት የውሃ በረዶ ሰብሮ ከብት ያላጠጣ አለ? ለእኛ አገር ሰው «በተቻለህ መጠን ቀዝቃዛ» ሲባል ምን እንደሚያደርግ ማን አሰበ? ማን መጥቶ አየ?

አረጋ ደግሞ ቻለ። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ከማያየው ግንብ፣ ከውጭ በኩል ድንጋይ ነቅሎ ለብልቃጡ ቦታ ሠራለት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነለት። ዶሮ እንዳይደርስበት በእሾህ አጠረው። ኩራቱ ነበር። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ፍሪጄን እዩልኝ፤ መብራት አይጠይቅ፣ ጥገና አያሻው» ይል ነበር። አገሬ ግን አልተቀበለችውም። እሷ ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ነው የምትይዘው፤ ልጆች እንዳይሰብሩባት።

«አገሬ፣ እንቁላል ታቀፍሽ እንዴ?»

«እንቁላል ቢሆንማ አያ አረጋ፣ እስካሁን ጫጩት በፈለፈልኩ።»

«ይበላሻል እኮ! አምጪውና ከእኔው ጋር ይቀመጥ።»

«ሌሊት ቢያመኝ ያንተን ግንብ ልቆፍር ነው? ተወኝ እባክህ።»

«አንቺ እምቢተኛ! ምክር አይገባሽም።»

በታኅሣሥ ያ ክፉ ውርጭ ወረደ። ባቄላው ጠቁሮ ያደረ ጊዜ። ሁላችን ለባቄላው አዘንን። ውርጭ መድኃኒትም ይገድላል ብሎ የነገረን ማን ነው? ብልቃጡ ግንቡ ውስጥ በረዶ ሆነ። ረፈድ ሲል ቀለጠ። እንደገና በረዶ ሆነ፤ እንደገና ቀለጠ። አረጋ ያወጣዋል፤ ፈሳሽ ነው። እንደተነገረው በመዳፉ መካከል ያሽከረክረዋል። ይወጋዋል። ማታም ይወጋዋል። እየተወጋ ያለው ግን የሞተ መድኃኒት ነው። ከውሃ አይሻልም።

የቀረውን የሺሃረግ ነግራኛለች። ውሃ ይጠማዋል። ይመላለሳል። ልብሱ ይሰፋዋል። «የሺ፣ ዛሬ ትንሽ ልጨምርበት መሰለኝ» ይላታል። ይጨምራል። ውሃ ላይ ውሃ ይጨምራል። ደሙን ቢለካ በአንድ ጠዋት ያውቅ ነበር። መለኪያው ከራስጌው ተቀምጧል፤ ደሙ የሚንጠባጠብበት ቁራጭ ካለቀ ግን ቆይቷል፤ ሲጠይቅም «የለም» ተብሏል። ማስታወክ ጀመረ። ትንፋሹ ተለወጠ። ያን ጊዜ ቃሬዛ አነሣን።

ቃሬዛው መጀመሪያ የት ሄደ? ሆስፒታል? አይደለም። ጤና ጣቢያ። ያለ ሪፈር ካርዱ አይሠራማ! አስቸኳይ ሕመም ያለ ወረቀት ይታያል የሚል መመሪያ አለ አሉኝ፤ አረጋ ከሞተ በኋላ ነው ያሉኝ። እኛ ለካርዱ ብለን ከመንገዳችን ወጣን። ሪፈር የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ጠበቅነው። አረጋ ቃሬዛው ላይ እንደተኛ ዓይኑን ገለጠና «ስለ እኔ ነው የሚሰበሰቡት?» አለ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቀልድ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ነው የለመነን። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ለመለመንም አልቻለም። እዚያው ቃሬዛው ላይ አለፈ።

ትናንት ከየሺሃረግ ጋር ያንን ድንጋይ ከፈትነው። ብልቃጡ ውስጥ ነጭ ነገር እንደ አይብ ተቆራርጦ ረግቷል። ደሴ የሚሠራ ሐኪም አለ፤ ተማሪዬ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ከጉብታው ወጥቼ ደወልኩለት። «መምህር፣ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ አይመለስም። ቢቀልጥም ጉልበት የለውም» አለኝ። «በሽተኛው ይህን ማወቅ ነበረበት?» አልኩት። «ካልነገርነው ከየት ያውቃል?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ አረጋ መርፌውን አልተወም። መድኃኒቱ ነው ቀድሞት የሞተው። አገሬ ለምን ተረፈች? ምክሩን ስላልሰማች ነው። የሰማው ይኸው ተጋድሟል። ያልሰማችው ቆማለች። እንዲህ ያለውን ነገር ለተማሪ እንዴት አድርጌ ላስተምር? የተነገራችሁን አትስሙ ልበል?

አሁን ወደ እሑድ ልምጣ። ካርድ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ቅሬው ሊሰበሰብ ነው። «አረጋን ያላዳነ ካርድ ለማን ይሆናል፣ እንውጣ» ልትሉ እንዳሰባችሁ ሰምቻለሁ። ንዴታችሁ ልክ ነው። እኔም ተናድጃለሁ፤ ታዩኛላችሁ። ካርዱ ጥሩ ነው ብዬ አልከራከርም። ግን ልጠይቃችሁ። ጤነኛው በሙሉ ወጥቶ በሽተኛዋ ብቻዋን ብትቀር፣ ማን ማንን ይሸከማል? ለአንዲት የገጠር ሴት ብሎ ብልቃጥ የሚጭን መኪና አለ?

ብትወጡ አገሬ ምንም የላትም። ብትቆዩ ካርዱ ይኖራታል፤ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። አንዳንዴ ግን ይኖራል። ይህች ሴት የምትኖረው በዚያ «አንዳንዴ» ላይ ነው። ሌላ የምትቆምበት መሬት የላትም። እሱን አትንሷት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መኪናው ጋሸና ቆመ ሲባል ቅሬው ሰው ይላክ። ጠንካራ ጎልማሳ ተራ ይግባና ሄዶ ይዞላት ይምጣ። የዚህን መንደር ሬሳ ከዚያ ከሚርቅ አገር በትከሻችን አምጥተን ቀብረናል። ጓደኛዬ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር፤ ሲታመም የት ነን?

ምን አሉ ጋሼ አድማሴ? «የቀብር ቦታ ነው፤ ስብሰባ አይደለም» ነው ያሉኝ? እውነትዎን ነው። ግን ጋሼ፣ እኛ ሳንጎድል የምንገናኘው ቀብር ላይ ብቻ ነው። እሑድ ግማሹ አይመጣም፤ የመጣውም ለመውጣት እጁን ሊያነሣ ነው የሚመጣ። ከወዲያ ደግሞ ማን ነው? «ባቄላችንን ውርጭ በልቶት በምናችን እናድስ?» ይህንንም ሰማሁ። እውነት ነው።

ሌላ የሚል አለ?

ዝም አላችሁ። ስትስማሙ እንዲህ ዝም እንደማትሉ አውቃለሁ። አባቶቼ፣ አስረዝሜ ከሆነ ይቅር በሉኝ። ከእናንተ ጋር ጨርሻለሁ። የቀረኝ ለእሱ ነው።

አረጋ፣ ወንድሜ። ስላንተ የተወራውን አርሜያለሁ። ያመነም ይመን፣ ያላመነም ይተው፤ ከጆሮው ደርሷል። ከዚህ በላይ ግን ይዤልህ የመጣሁት የለም። መልካም ሰው ነበርክ ልልህ ነበር፤ ይህን ታውቀዋለህ። መልካምነትህ አልጠቀመህም፤ ይህንንም ታውቀዋለህ። ለሌላው ስትወርድና ስትወጣ የኖርክበትን ዳገት ዛሬ ሌላው ተሸክሞ አወጣህ፤ ለሞትህ ማንም አልቀረብህም። ወደምትሄድበት አገር ያለ ወረቀት ግባ። የሚያሰልፍህ አይኑር። ከየት መጣህ፣ ማን ላከህ የሚልህ አይኑር።

«አይዞህ፣ ለአገሬ ይደርሱላታል» ብዬ ልሸኝህ ነበር የፈለግሁ። ከትናንት ጀምሮ ይህን ቃል በአፌ ሳመላልሰው አደርኩ። ግን ላንተ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም። ከመምጣቴ በፊት ጠይቄያታለሁ። ዛሬ ጠዋት ተወግታለች። ብልቃጧ ሊያልቅ ነው። መኪናው ገና ጋሸና ነው።

ደህና ሁን አረጋ።

በሉ፣ አውርዱት።